ጊዜ የሚሰጥ መሣሪያ፦ የዊንግ ፎይል ዕቃ አመራረጥና የመነሣት ብልሃት

በሰሜን ጣሊያን፣ በጋርዳ ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ባለችው ቶርቦሌ ነፋስ ሰዓት ያከብራል። በበጋ፣ ሰማዩ ጠራ ባለ ቀን፣ ከሌሊት እስከ ረፋድ «ፔሌር» የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ከዚያ ውኃው ለጥቂት ጊዜ ይረጋል። ቀትር ገደማ ደግሞ «ኦራ» ከደቡብ ይነሣል። ሐይቁ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር እየጠበበ፣ ተራሮቹም ከግራና ከቀኝ እየተጠጉ ስለሚመጡ፣ ኦራ ቶርቦሌ ሲደርስ ጉልበቱ ይጨምራል። ጀርመናዊው ጸሐፊ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1786 ከቶርቦሌ ሳይነጋ በጀልባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲጓዝ፣ ነፋሱ መንገድ ላይ ስለዞረበት ማልቼዚኔ ላይ ለመውረድ ተገዷል።

ዛሬ ከቀትር በኋላ በዚያው ውኃ ላይ በአየር የተነፋ ክንፍ በእጃቸው የያዙ ሰዎች፣ ቦርዳቸው ከውኃው ተላቆ፣ ያለ ሞተር ሲያልፉ ይታያሉ። ስፖርቱ ዊንግ ፎይሊንግ ይባላል። አሁን ባለው መልኩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ነው፤ ብዙ የተፈተነባት ቦታም የሃዋይዋ ማዊ ደሴት ናት። ገና ወጣት ስፖርት ስለሆነ ዕቃው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ምክሩም እንዲሁ። የማይለዋወጠው ግን ከሥሩ ያለው አሠራር ነው። እሱን የተረዳ ሰው ገበያው ምን ይዞ ቢመጣ አይደናገርም።

«ምን ልግዛ?» እና «እንዴት ልነሣ?» ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነጋዴ፣ ሁለተኛውን አሠልጣኝ ይመልሳል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቦርዱ ከውኃው ሲላቀቅ ሰውየው በአንድ ጊዜ አራት ነገር መጠበቅ አለበት፤ የፊትና የኋላ ሚዛኑን፣ የግራና የቀኝ ሚዛኑን፣ በእጁ የያዘውን የነፋስ ጉልበት፣ ከውኃው ያለውን ከፍታ። አራቱም ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ ሊበላሹ ይችላሉ። የለመደ ሰው የሚመጣውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ያቺ ቅጽበት ትበቃዋለች፤ ለጀማሪ ግን አትበቃውም። ስለዚህ ለጀማሪ ጥሩ ዕቃ የሚባለው ነገሩን አዘግይቶለት፣ አይቶ ለማረም ጊዜ የሚሰጠው ነው። ጥሩ ብልሃትም ከዚህ አይለይም። ከፎይሉ እስከ ብሎኑ፣ ከመንበርከክ እስከ መታጠፍ፣ ሁሉንም በዚህ አንድ መለኪያ እንመዝናለን።

ግራ እንዳያጋባ፣ ከዚህ በኋላ «ዊንግ» ስል በእጅ የሚያዘውን፣ «ክንፍ» ስል ደግሞ ከውኃ በታች ያለውን ማለቴ ነው።

ከውኃ በታች ያለው ክንፍ

ፎይሉ አራት ክፍል አለው። ከቦርዱ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርደው ማስት ነው። በማስቱ ጫፍ ፊውዝላጅ የሚባል አግዳሚ ዘንግ ይታሰራል። ከዘንጉ ፊት ትልቁ የፊት ክንፍ፣ ከጀርባው ትንሹ የኋላ ክንፍ አለ። ክብደቱን የሚሸከመው የፊተኛው ሲሆን፣ የኋለኛው ቦርዱ አፍንጫውን እንዳይደፋና ያለ ልክ ቀና እንዳይል ያረጋጋዋል።

ጎልማሳ ሰው ከአንድ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ክንፍ ከውኃ የሚነሣው ውኃ ከባድ ስለሆነ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ በባሕር ዳርቻ ያለ አንድ ሊትር አየር ግን ከአንድ ግራም እምብዛም አይበልጥም። ክንፉ ውኃውን ወደ ታች ሲገፋ የሚያገኘው ድጋፍ በአየር ውስጥ ከሚያገኘው 800 እጥፍ ያህል ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ፎርላኒኒ እ.ኤ.አ. በ1906 ማጆሬ ሐይቅ ላይ በውኃ ውስጥ ክንፎች የሚነሣ ጀልባ ሞክሯል። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል፣ ያው ከስልክ ጋር ስሙ የሚነሣው፣ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራት ኤችዲ-4 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1919 ካናዳ ውስጥ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሮጥ የዓለም የውኃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን ይዛለች።

ለገዢ የሚጠቅሙት ሕጎች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የክንፉ ስፋት እጥፍ ሲሆን የማንሣት ኃይሉም እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከሁለቱ አንድ ጠቃሚ ስሌት ይወጣል፤ ለአንድ ሰው፣ ቅርጹ ሳይለወጥ የክንፉ ስፋት በግማሽ ቢቀንስ፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይነሣ የነበረው አሁን ወደ 17 ሊደርስ ግድ ነው። በ12 የሚወድቅ ሰው የወደቀበትን ምክንያት ያያል፤ በ17 የሚወድቅ ጀማሪ ግን ራሱን ውኃ ውስጥ ያገኘዋል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ 75 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጀማሪ ከ1,800 እስከ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የፊት ክንፍ ቢጀምር ይበጀዋል። ቀለል የሚል ሰው 1,500 ይበቃዋል።

ከስፋቱ ሌላ ቅርጹም ይታያል። ረጅምና ቀጭን ክንፍ በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይንሸራተታል፤ ሆኖም ፍጥነት ይወዳል፤ ዝግ ሲሉበትም ሳያስጠነቅቅ ይከዳል። አጭርና ደልደል ያለው ቀድሞ ይነሣል፣ ዝግ ሲልም ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መታጠፍም አያስቸግርም። ለመጀመሪያው ወቅት ወደ ደልዳላው ያዘነበለ መካከለኛ ቅርጽ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ የሚያምረው ቀጭኑ መሆኑ ምርጫውን አይለውጠውም።

ማስትን በተመለከተ ብዙ ሰው «አጭር ይሻላል፣ ከዝቅታ ብወድቅ ነው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። በ60 ሴንቲ ሜትር ማስት ላይ ሰውየው ትንሽ ከፍ ካለ የፊት ክንፉ ከውኃው ብቅ ይላል፤ ብቅ ሲል ድጋፉ በአንዴ ይጠፋል፤ ቦርዱም ይደፋል። ረዘም ያለ ማስት ለስሕተት ቦታ ይተዋል። ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ለመጀመሪያ ይበቃል፤ 80 እና 85 በኋላ ለማዕበልና ለፍጥነት ይሆናሉ። የአሉሚኒየም ማስት ከካርቦኑ ይከብዳል፣ ትንሽም ይለመጣል፤ በጀማሪ ፍጥነት ግን ልዩነቱ አይሰማም። ገንዘቡን ለትልቁ ክንፍ ማዋል ይሻላል።

ቦርዱ

የቦርድ መጠን የሚነገረው በሊትር ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። አንድ ሊትር ይዘት አንድ ኪሎ ያንሳፍፋል። ከሰውየው ክብደት ላይ የቦርዱ፣ የፎይሉና የእርጥብ ልብሱ ክብደት ሲደመር 10 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 85 ሊትር ቦርድ ቢይዝ፣ ቆሞ ነፋስ ሲጠብቅ ቦርዱ ከውኃው ጋር እኩል ሆኖ ይዋልልበታል። ከ100 እስከ 110 ሊትር ላይ ግን ተንበርክኮም ቆሞም ማሰብ ይችላል። ደንቡን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ በራስ ኪሎ ላይ ከ25 እስከ 35 ሊትር ይጨምሩ።

ሊትር ብቻውን አይበቃም። ሁለት ቦርዶች እኩል 105 ሊትር ሆነው አንዱ ሰፊና ስስ፣ ሌላው ጠባብና ወፍራም ሊሆን ይችላል። ወደ ጎን የሚያንከባልል ቦርድ ከሁሉ በላይ ስለሚያደክም፣ ለመጀመሪያው ስፋቱ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋውን ወይም የሚበልጠውን ይምረጡ። የእግር ማሰሪያዎቹን ያውልቋቸው። ጀማሪ እግሩን በቦርዱ ላይ ትንሽ ወዲያና ወዲህ እያደረገ ሚዛኑን ማግኘት አለበት፤ የታሰረ እግር ይህን አያደርግም፣ በውድቀት ጊዜም ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል።

በእጅ የሚያዘው ዊንግ

ነፋስም ለዚያው ለሁለተኛው የፍጥነት ሕግ ይገዛል። 10 ኖት (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) የነበረው ነፋስ 20 ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ነው። ከ15 ወደ 20 የሚዘል የነፋስ ውርጅብኝ እንኳ ጉልበቱን በሦስት አራተኛ ይጨምራል። ስለዚህ የዊንግ መጠን የሚመረጠው በቀኑ አማካይ ነፋስ ብቻ ሳይሆን በውርጅብኙም ነው። 75 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ ከ15 እስከ 22 ኖት 5 ሜትር ካሬ፣ ከዚያ ለላላው 6፣ ለጠነከረው 4 ይስማማዋል። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው 5 ነው። ትልቅ ዊንግ ጉልበት ቢሰጥም ጎኑ ረጅም ስለሆነ ሰውየው ተንበርክኮ ሳለ ጫፉ ውኃ ይነካል፤ ቁመቱ አጠር ላለ ሰው ደግሞ ይብሳል።

በዊንጉ የፊት ቱቦና በመሐል አጥንቱ ውስጥ ካላማዳሪያ አለ። ምን ያህል እንደሚነፋ ከመንፊያው አፍ አጠገብ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ፒኤስአይ ነው። «በቃ ጠንክሯል» ብሎ በእጅ ዳብሶ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። በቅጡ ያልተነፋ ዊንግ በውርጅብኝ ጊዜ ይታጠፋል፣ ሲጎትቱትም ዘግይቶ ይመልሳል። መለኪያ ያለው መንፊያ ይግዙ። ነፍተው ሲጨርሱ ዊንጉን ፀሐይ ላይ ለረጅም ሰዓት አይተዉት፣ ማሰሪያውንም ከከባድ ነገር ጋር ያያይዙት፤ ያልታሰረ ዊንግ ዳርቻው ላይ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

እጅ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ቀላል ምልክት አለ፤ የኋላ እጅ ቶሎ ከደከመ ሁለቱም እጆች ወደ ኋላ ይጠጉ፣ የፊት እጅ ከደከመ ሁለቱም ወደ ፊት ይሂዱ። ጉተታው በሁለቱ መካከል እኩል ሲከፈል ክንድ ዘርጋ ብሎ ያርፋል፤ ጡንቻውም ሳይዝል ይቆያል።

ገጠማና ብሎን

በአብዛኞቹ ቦርዶች ሆድ ላይ ሁለት ትይዩ ሐዲዶች አሉ። የማስቱ ሳህን በእነሱ ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚታገለው ይህን ቦታ በማበላሸቱ ነው። ከሐዲዱ መሐል ይጀምሩ። ቦርዱ ከተነሣ በኋላ አፍንጫው ያለማቋረጥ ወደ ላይ ከሸሸ ማስቱን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይውሰዱ። አልነሣ ካለና አፍንጫው ከከበደ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ያምጡት። የተስማማዎትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፍለጋ አይኖርም።

ቀጥሎ የብሎን ነገር ነው። ማስቱ አሉሚኒየም፣ ብሎኑ የማይዝግ ብረት ወይም ቲታኒየም ሲሆን ጨዋማ ውኃ በመካከላቸው ሲገባ፣ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ይበላል። ነጭ ዱቄት ይወጣዋል፣ ብሎኑንም ጨምድዶ ይይዘዋል። ለሁለት ሳምንት ተገጥሞ የቆየ ፎይል ያለ ትግል ላይፈታ ይችላል። መከላከያው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ከውኃ እንደወጡ ሁሉንም በንጹሕ ውኃ ይጠቡ። ከመፍታትዎ በፊት በብሎኑ ራስ ቀዳዳ ውስጥ የገባውን አሸዋ በቀጭን ነገር ያውጡ፤ አሸዋው ካለ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ስለማይገባ ራሱን ይልጠዋል። ቁልፉን ቀጥ አድርገው እስከ ሥሩ ካስገቡ በኋላ ብቻ ያዙሩ። ብሎኑን በጨርቅ ጠርገው፣ ጥርሱ ላይ ዝገት የሚከላከል ግራሶ በስሱ ይቀቡ። ሲገጥሙ አራቱንም በጣት ይጀምሩ፤ ከዚያ በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ አንድ ጊዜ ይፈትሿቸው። ሲነሡ የላላ ብሎን ቦርዱን ያርገበግበዋል፤ ጀማሪም የራሱ እግር የተንቀጠቀጠ ይመስለዋል።

ከዳርቻ እስከ አየር

የመጀመሪያው ትምህርት ውኃ አይፈልግም። ዊንጉን ይዘው ሜዳ ላይ ይቁሙ። በፊተኛው እጀታ ብቻ ሲይዙት ዊንጉ ነፋሱ ወደሚሄድበት ተዘርግቶ ይውለበለባል፤ አይጎትትም። የኋላ እጅ ሲጨመርና ሲሳብ ይሞላል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ይራገፋል። ኋላ እጅን መልቀቅ ጉልበትን ያጠፋል። ይህ ሳያስቡ እስኪመጣ ድረስ ውኃ አይግቡ።

ወደ ውኃ ሲገቡ ዊንጉ ነፋሱ በሚሄድበት ጎን፣ ቦርዱ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ይሁን፤ አለዚያ ነፋሱ ዊንጉን በፎይሉ ስለት ላይ ይጥለዋል። ጥልቀቱ ከማስቱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር እስኪበልጥ ድረስ ይራመዱ። ከዚያ ቦርዱን ነፋሱን በጎኑ እንዲቀበል አድርገው መሐሉ ላይ ይንበርከኩ፤ ዊንጉን ከራስ በላይ ያንሡት። ተንበርክኮ መሄድ ሊናቅ አይገባም። ቀጥ ብሎ መሄድን፣ መመለስንና ዊንጉ ሲገለበጥ ማንሣትን ሰው በጉልበቱ ላይ ሆኖ ቢማር፣ ሲቆም የሚቀረው ሚዛን ብቻ ነው።

ሲቆሙ እግሮችዎን ጉልበቶችዎ በነበሩበት ቦታ ይትከሉ። የኋላ እግር ከማስቱ በላይ ወይም ትንሽ ፊቱ፣ የፊት እግር ከትከሻ ስፋት ባልራቀ ርቀት፣ ሁለቱም በቦርዱ መሐል መስመር ላይ። ጉልበት እጥፍ፣ ወገብ ቀጥ ይበል። ከዚያ ነፋሱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ትንሽ ያዘንብሉና ዊንጉን በሚዛን ይሳቡ፤ ይልቀቁ፤ ይሳቡ። በዚያው ምት ቦርዱን በኋላ እግር ጫን፣ ቀለል ያድርጉት።

ፍጥነት ሲጨምር ሞገዱ የቦርዱን ሆድ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እየተፋጠነ ይመጣል። አፍንጫው በትንሹ ቀና ይላል። ከዚያ ድምፁ በአንዴ ይጠፋል። ቦርዱ ከውኃው ተላቋል ማለት ነው፤ ክብደትዎን ወደ ፊት እግር ማምጣት ያለብዎትም በዚያች ቅጽበት ነው። ደመ ነፍስ የሚያዘው ግን ተቃራኒውን ነው። ሰው ከፍ ሲል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ክንፉ ይበልጥ ቀና ይላል፤ ቦርዱ ይወጣል፤ የፊት ክንፉ ከውኃው ብቅ ይላል፤ ሰውየውም ይወድቃል። ምክንያቱ ያ ሁለተኛው ሕግ ነው፤ ከተነሡ በኋላ የቦርዱ ሆድ ውኃ ስለማይነካ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ማንሣቱም ከፍጥነቱ በላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከፍታውን ለመጠበቅ የፊት እግር ያለማቋረጥ መጫን አለበት።

ለዚህ ከማውቃቸው ልምምዶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ይነሡ፣ ሦስት ይቁጠሩ፣ በፈቃድዎ ይውረዱ። ሩቅ ለመሄድ አይጣሩ። ከውኃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በፈቃድ የወረደ ሰው ከፍታን መግዛት ጀምሯል። ሦስቱ ቁጥር ወደ አምስት፣ አምስቱ ወደ አሥር እያደገ ይሄዳል። ዓይንዎን ከእግርዎ አንሥተው ሩቅ ዳርቻ ላይ ይትከሉ። ቢስክሌት የሚለማመድ ልጅ ጎማውን ሲያይ እንደሚወድቅ፣ መንገዱን ሲያይ ግን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ማለት ነው። ሩቅ የሚያይ ሰው የቦርዱን መዘንበል ቀድሞ ያውቀዋል፤ እርማቱም ትንሽ ይሆናል።

መውደቅም ይለመዳል። ሚዛን ሲጠፋ ቦርዱን በእግር ገፍተው፣ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ፣ በጀርባ ጠፍጣፋ ሆነው ይውደቁ። በራስ አይጥለቁ። ብቅ ሲሉ አንድ እጅ ከራስ በላይ ይሁን፤ ፎይሉ የት እንዳለ እስኪያዩ ድረስ አይቸኩሉ።

መመለስና መታጠፍ

ጀማሪን ካነሣው ነፋስ ይልቅ ያሳፈረው ነፋስ ይበዛል፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች እየተገፋ፣ ማታ ቦርዱን ተሸክሞ በዳርቻው ይመለሳል። ነፋሱ ወደሚመጣበት ለመውጣት መጀመሪያ ፍጥነት ይያዙ፤ ከዚያ በፊተኛው ትከሻዎ በኩል ሊሄዱበት ወደሚፈልጉት ቦታ ይመልከቱ፤ ዊንጉን ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ላይ ያድርጉ። ሳይፈጥኑ ወደ ነፋሱ መታገል ቦርዱን ያወርደዋል።

መታጠፍን በመጀመሪያ ሳይነሡ ይለማመዱት። ነፋሱ ወደሚሄድበት በሰፊው ሲዞሩ፣ ከነፋሱ ጋር አብረው ስለሚሄዱ የዊንጉ ጉተታ ይቀላል። ያኔ ዊንጉን አግድም ከራስ በላይ ያሳልፉ፤ የኋላው እጅ ወደ ፊተኛው እጀታ ይሄዳል፤ ሌላው እጅ ይከተላል። እግር መቀየር ለጊዜው ይቆይ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ለሰውነት ፋታ ይሰጠዋል፤ እጁ ከለመደ በኋላ እግሩ ብዙም አያስቸግርም።

ከመግባት በፊት

ከዳርቻው ወደ ውስጥ የሚነፍስ ነፋስ ውኃውን ጠርዙ ላይ ለስላሳ ያስመስለዋል፤ ያ ልስላሴ ያታልላል። አንዴ ከራቁ የሚመልስዎት የለም። ለጀማሪ የሚሻለው በሰያፍ ወደ ዳርቻው የሚነፍስ ነው። ቦርዱ ማሰሪያ ይኑረው፤ ዊንጉም የራሱ ይኑረው፤ ሁለቱም ከመግባት በፊት ይፈተሹ። ሄልሜትና የሚያንሳፍፍ የደረት መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለበሱ። ዋናተኛ ካለበት ቦታ ይራቁ፤ የፎይል ጠርዝ ቆዳ ይቆርጣል። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ነፋሱን በቀኝ ጎኑ የሚቀበለው ቅድሚያ አለው፤ የሚቀድም ሰው ደግሞ ከሚቀደመው ይርቃል። ነፋሱ ቢጠፋ ቦርዱን አይልቀቁ፤ በደረትዎ ተኝተው ዊንጉን እየጎተቱ በእጅ ይቅዘፉ። መቼ እንደሚመለሱም ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ይንገሩ።

የእኛ ሰው በሚኖርበት ውኃ

እስራኤል ውስጥ ለሚኖር የአማርኛ አንባቢ ኪኔሬት ሐይቅ ቅርብ ነው። በበጋ ከቀትር በኋላ ከሜዲትራኒያን የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ገደማ በታች ወደሆነው ሐይቅ ሲወርድ ይጠነክራል፤ ሞገዱም በፍጥነት ይነሣል። ስለዚህ ማለዳ የተረጋጋውን ውኃ አይቶ ትልቅ ዊንግ መንፋት አይገባም። ዱባይ ላይ በተቃራኒው ከቀትር በኋላ የሚመጣው የባሕር ነፋስ ብዙ ጊዜ ለዘብ ያለ ስለሆነ ትልቁ ዊንግና ትልቁ የፊት ክንፍ ይፈለጋሉ።

በአገር ቤት ሐይቆች ደግሞ ከፍታ ይገባበታል። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ16 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የነፋሱ ፍጥነት ያው ሆኖ ጉተታው ያንሳል፤ በባሕር ዳርቻ 5 ሜትር ካሬ የሚበቃው ሰው ጣና ላይ 6 ያስፈልገዋል። ውኃው ግን በከፍታ አይሳሳም። ስለዚህ የፊት ክንፉም የቦርዱም ሊትር ባሉበት ይቀጥላሉ፤ የሚያድገው ዊንጉ ብቻ ነው። ጠንካራ ቦርድ በአውሮፕላን ወይም ከቆላ ወደ ደጋ የሚያጓጉዝ ሰው የአየር ማስተንፈሻ ብሎን ካለው ፈትቶ ይጫነው፤ ውስጡ የቀረው አየር ከፍታ ላይ ሲሰፋ ቦርዱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ውኃ ከመግባቱ በፊት መልሶ መዝጋቱን አይርሳ። ከነፋሱ በፊት ግን ስለ ውኃው መጠየቅ ይገባል፤ ጣና ላይ ቢልሃርዚያና ጉማሬ፣ ጫሞ ላይ አዞ አለ።

መቼ ማሳነስ?

አዲስ ዕቃ ውድ ስለሆነ አሮጌ መግዛት ነውር የለውም፤ ሦስት ነገር ከተፈተሸ። ዊንጉ ተነፍቶ ሲያድር ጥንካሬው እንዳለ ነው ወይ? የፎይሉ ብሎኖች ሁሉ በፊትዎ ይፈታሉ ወይ? በሐዲዶቹ ዙሪያ ቦርዱ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድና ያልተሰነጠቀ ነው ወይ? ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ በዋጋው ርካሽነት አይታለሉ።

ዕቃ ማሳነስ የሚጀምረው በምኞት ሳይሆን በምልክት ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ተነሥተው በፈቃድዎ ሲወርዱና ወደ ተነሡበት ቦታ ሲመለሱ፣ ቦርዱን በ20 ሊትር ገደማ ይቀንሱ። ትልቁ የፊት ክንፍ በጠንካራ ነፋስ ከፊት እግርዎ ጉልበት በላይ መሆን ሲጀምር፣ እሱን ያሳንሱ። ማስቱ ወደ መጨረሻ ይቆይ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን አይለውጡ፤ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

በትንሽ ቦርድና በቀጭን ክንፍ የጀመረ ሰው ከሰዓቱ አብዛኛውን ውኃ ውስጥ ሆኖ ወደ ቦርዱ በመውጣት ያሳልፈዋል። በትልቁ የቆየው ግን ያንኑ ሰዓት በአየር ላይ፣ ከፍታውን እያረመ ያሳልፈዋል። ከዓመት በኋላ ትንሹን ቦርድ በምቾት የሚጋልበው ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ሰውነቱ የተማረው ከወደቀባቸው ሳይሆን ከበረረባቸው ደቂቃዎች ነውና። ትልቁን ዕቃ ይምረጡ፤ ደቂቃዎቹን ያብዙ።